መለኪያውን በስሙ የተሸከመ ቁጥር

የኪካድን የምንጭ ኮድ የሚያገላብጥ ሰው፣ ፕሮግራሙ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርባቸው መልእክቶች የተደነገጉባቸውን አጫጭር ፋይሎች ያገኛል። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ በሰሌዳ ላይ ያለ ነጥብ ምን እንደሆነ የተበየነበት ቦታ አለ። ብያኔው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ለአግድም፣ አንዱ ለቁም። ስማቸው ግን «ኤክስ» እና «ዋይ» ተብሎ አልቀረም። «ኤክስ_ኤንኤም» እና «ዋይ_ኤንኤም» ነው የሚባሉት። ከኋላ የተቀጠሉት ሁለት ፊደላት ናኖ ሜትርን ያመለክታሉ። ርቀትን የሚገልጸው መልእክትም እንዲሁ «ቫልዩ_ኤንኤም» የሚባል አንድ ቁጥር ይዟል። ይህን የጻፈው ባለሙያ ቁጥሩ ከመለኪያው ተለይቶ የትም እንዳይሄድ አድርጎታል። ቁጥሩን የሚጠራ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ፕሮግራም፣ መለኪያውን አብሮ ሳይጠራ አያልፍም።

ኪካድ የሰርኪዩት ቦርድ፣ ማለትም ሰሌዳ፣ የሚነደፍበት፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። ዣን ፒየር ሻራስ ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ በ1992 ጀመረው፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ባለሙያ መድቦ አግዞታል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለብዙ ዓመታት ተጠቃሚው አንድ ዓይነት ነበር፦ ስክሪን ፊት የተቀመጠ፣ ማውስ የያዘ ሰው። አሁን ሌላ ተጠቃሚ መጥቶለታል። ይኸውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ በራሱ ሥራ የሚሠራው፣ ኤጀንት የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኤጀንቱ የተሰጡትን መሣሪያዎች ስምና ማብራሪያ ያነባል፤ የሚስማማውን ይመርጣል፤ መሣሪያው የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች ሞልቶ ይልካል፤ የተመለሰለትን መልስ አይቶ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። በአብዛኛው የሚደርሰው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የሠራው ሰው ለኤጀንቱ ያለው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል በማብራሪያው ላይ ያሰፈረው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ መንገድ ስንነግር «ባንኩ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» እንላለን። ቀሪውን መንገድ የምንነግረው እንግዳው ባንኩ ጋ ቆሞ ሲደውል ነው። ኤጀንት ግን ባንኩ ጋ ደርሶ ደውሎ ላይጠይቅ ይችላል። ያልተነገረውን ከዚህ በፊት ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ገምቶ ይሞላዋል፤ ግምቱም እንደ እርግጠኛ ነገር ተስተካክሎ ስለሚወጣ ከእውነቱ መለየት ያስቸግራል። ሰርኪዩት ቦርድ ደግሞ ግምት የሚሸከም ዕቃ አይደለም። የድረ ገጽ ስህተት ማታውኑ ይታረማል። የሰርኪዩት ቦርድ ስህተት ግን ፋብሪካ ሄዶ፣ መዳብና የመስታወት ክር ሆኖ፣ ተከፍሎበት ይመለሳል። በዚህ ሙያ 6 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲጻፍ ለአንዱ የኢንች ሺኛ፣ ማለትም ሚል ነው፤ ለሌላው ሚሊ ሜትር ነው። 6 ሚል 0.1524 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅግ ቀጭን የመዳብ መስመር። 6 ሚሊ ሜትር ከዚያ 39 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ሰው ስክሪኑ ላይ ቢያየው ወዲያው ይደነግጣል። ጽሑፍ ብቻ የሚያይ ኤጀንት የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም።

ናኖ ሜትር የተመረጠበት መንገድም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ኪካድ ቀድሞ ሰሌዳውን ውስጥ ለውስጥ የሚለካው በኢንች አሥር ሺኛ ነበር። በዚያ መለኪያ 1 ሚሊ ሜትር 393.70078 ብሎ ይቀጥላል እንጂ ሙሉ ቁጥር አይሆንም። ስለዚህ በሚሊ ሜትር የተነደፈ ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ በጥቂቱ ይጠጋጋ ነበር። ናኖ ሜትር ግን ለሁለቱም ወገን እኩል ይፈርዳል። 1 ሚሊ ሜትር 1,000,000 ናኖ ሜትር ነው፤ 1 ሚል ደግሞ ያለ አንዳች ክፍልፋይ 25,400 ናኖ ሜትር ነው። በኢንች የሚያስበውም በሜትር የሚያስበውም ባለሙያ የሰጠው ቁጥር ሳይሸራረፍ ይቀመጥለታል። ይህን ያህል ታስቦበት የተመረጠ መለኪያ በስም ላይ ሳይጻፍ ቢቀር ኖሮ የሚያውቀው የውስጥ ሰው ብቻ በሆነ ነበር።

የፋይል አጻጻፉን የሚያስረዳው የኪካድ ሰነድ በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ከስድስተኛው እትም፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የስኬማቲኩም (የግንኙነት ንድፉ) ፋይል እንደ ሰሌዳው ፋይል በቅንፍ የተከፋፈለ፣ ሰው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ሆኗል። ሰነዱ ገና ከመግቢያው ቁጥሮቹ በሚሊ ሜትር እንደሆኑ ይናገራል። በሰሌዳ ፋይል ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አሃዝ ትርጉም እንዳለው፣ በስኬማቲክ ፋይል ግን አራት አሃዝ ብቻ እንደሆነ ለየብቻ ይገልጻል። ከዚያ ያለፈው አሃዝ ተቆርጦ እንደሚጣል ይነግራል። ቁጥሮች በአሥር ርቢ መልክ እንደማይጻፉም ያስታውቃል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለሰው ብዙም ላይጠቅም ይችላል፤ በእጁ ፋይል የሚጽፍ ሰው እጅግ ጥቂት ነውና። ፋይሉን በፕሮግራም ለሚያመርት ግን ወሳኝ ነው። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች በጣም ትንሽ ቁጥር ሲያትሙ ሳይጠየቁ ወደ ርቢ መልክ ይለውጡታል። ሰነዱን የጻፈው ሰው አንባቢው ከመሰናከሉ በፊት የት እንደሚሰናከል አይቶለታል።

ልብ በሉ፣ ፋይሉ በሚሊ ሜትር ነው፣ መልእክቱ በናኖ ሜትር። አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት መለኪያ። ይህ በጣም አደገኛ ስፌት ነው፤ ፋይሉን አንብቦ በመልእክት የሚያዝ ኤጀንት በአንድ ሚሊዮን እጥፍ ሊሳሳት የሚችለው እዚህ ጋ ነው። ስፌቱን የያዙት እነዚያ «ኤንኤም» የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ስያሜ በክፍሎች ማስቀመጫው፣ በኪካድ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ሰሌዳ ላይ የሚበየዱ ጥቃቅን ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች በአራት አሃዝ ይጠራሉ። 0603 የሚባለው ክፍል በኢንች ሲቆጠር 0.06 በ0.03 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 1.6 በ0.8 ይሆናል። ችግሩ ሌላ 0603 መኖሩ ነው። በሚሊ ሜትር ለሚቆጥር ሰው 0603 ማለት 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህንኑ በኢንች የሚቆጥረው ደግሞ 0201 ይለዋል። አንድ ስም፣ ሁለት መጠን፤ ትልቁ በርዝመትም በስፋትም የትንሹ ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ ነው። ይህ ብዥታ ከዓለም ገበያ የመጣ ስለሆነ ማንም ሶፍትዌር ሊያጠፋው አይችልም።

የኪካድ ላይብረሪ አዘጋጆች ያደረጉት ነገር ሁለቱንም ስም አንድ ላይ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ሬዚስተር «አር_0603_1608ሜትሪክ» ይባላል። ትንሹ «አር_0201_0603ሜትሪክ» ነው። 0603 ብሎ የፈለገ ሁለቱንም ያገኛል፤ ያገኛቸው ግን ማንነታቸውን በግንባራቸው እንደተሸከሙ ነው። የኢንቹ አቆጣጠር ምንጊዜም ይቀድማል፣ የሚሊ ሜትሩ ይከተላል፣ የኋለኛው ደግሞ «ሜትሪክ» የሚል ምልክት አለው። አንድም ገጽ ማብራሪያ ሳይከፈት ጥያቄው ተመለሰ። ሌሎችም እንዲሁ ናቸው። ባለ ስምንት እግሩ የታወቀ ቺፕ ስሙ ውስጥ የአካሉን ልክ 3.9 በ4.9 ሚሊ ሜትር፣ በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ 1.27 ሚሊ ሜትር ብሎ ይዟል። ረጅም ስም ነው፤ ለዓይን አያምርም የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ስም ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያነበው ኤጀንት ከሺዎች ስም መካከል ሲመርጥ ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም።

ዕውቀትን ከዕቃው ለይቶ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከፍል ይህ ሙያ አስቀድሞ ቀምሶታል። የሰርኪዩት ቦርድ ምስል ወደ ፋብሪካ የሚላክበት ገርበር የሚባለው የፋይል ዓይነት ስያሜውን ያገኘው በ1924 ቪየና ተወልዶ፣ በ1940 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ከገባው ፈጣሪ ከጆሴፍ ገርበር ነው። በመጀመሪያዎቹ የገርበር ፋይሎች ውስጥ «ቅርጽ 10ን ያዝ፣ እዚህ ጋ አብራ» ዓይነት ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚገኘው። ቅርጽ 10 ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ ስፋቱም ስንት እንደሆነ፣ በሌላ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ለብቻው ይላክ ነበር። ፋብሪካ ያለው ሰው ያንን ዝርዝር አንብቦ በእጁ ያስገባል። ዝርዝሩ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ ምስሉ መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ስፋቱን የሚያውቅ የለም። በ1998 የወጣው የተሻሻለው አጻጻፍ የቅርጾቹን ልክ ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ደረጃውን የሚያስተዳድረው የቤልጅየሙ ዩካምኮ በ2014 የድሮውን አጻጻፍ ሽሮ፣ ፋይሉ «እኔ የላይኛው የመዳብ ንብርብር ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ተጨማሪ ሥርዓት አወጣ። ከዚያ በፊት ይህንን የሚያውቀው ከፋይሉ ስም የገመተ ሰው ነበር።

ወደ ኪካድ ልመለስ። ዘጠነኛው እትም በየካቲት 2025 ሲወጣ ከላይ የጠቀስኳቸው መልእክቶች የሚያልፉበትን በር ይዞ መጣ። በዚያ እትም በሩ የሚከፈተው ለሰሌዳው ክፍል ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙም ስክሪን ላይ ተከፍቶ መገኘት ነበረበት። የመልእክቶቹን ድንጋጌ ሳነብ ቆም ያደረገኝ አንዱ ነገር ለውጥ የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ጥንድ ትእዛዝ ነው። ከጎኑ ያለው ማስታወሻ እንደሚያስረዳው፣ መጀመሪያው ከተላከ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በጥበቃ ላይ ይቆያል፤ መዝጊያው ተልኮ እስኪጸድቅ ድረስ ሰሌዳው ላይ አይታይም። መዝጊያው ሁለት ምርጫ አለው፦ ማጽደቅ ወይም መጣል። ሲጸድቅ ስለተደረገው ነገር አጭር መልእክት ማያያዝ ይቻላል።

የማስታወሻው ዋጋ የሚገባን ኤጀንቱ እንዴት እንደሚሠራ ስናስብ ነው። አርባ ካፓሲተሮችን አንድ በአንድ እያዛወረ ሃያኛው ላይ ቢሳሳት፣ ግማሹ የተበጠሰ ሰሌዳ ለባለቤቱ አይተርፍም፤ ሙሉው ሙከራ ይጣላል። ማስታወሻው በሦስት መስመር ይህን ሁሉ ስላስረዳ ኤጀንቱ ያለ ሌላ መካሪ ሥራውን በጥቅል እንዲይዝ ይማራል።

የመልሶቹን አከፋፈልም ልብ ብሎ ማየት ይገባል። አንድ ጥያቄ ሳይፈጸም ሲቀር ኪካድ «አልተሳካም» ብሎ አይዘጋም። ገና በመነሳት ላይ ስለሆነ መቀበል አለመቻሉ አንድ መልስ አለው። ሌላ ሥራ ላይ ስለሆነ ለጊዜው አለመቻሉ ሌላ መልስ አለው። የተላከው ጥያቄ የተበላሸ መሆኑ፣ ጥያቄውን የሚያስተናግድ ክፍል አለመኖሩ፣ ነገሩ ገና ያልተሠራ መሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። አንድን ዕቃ ለማጥፋት ሲጠየቅም «የለም» እና «አለ፣ ግን በዚህ በር እንዲነካ አልተፈቀደም» የሚሉትን ለይቶ ይመልሳል። ለሰው እነዚህ ሁሉ «አልሆነም» ናቸው፤ ስክሪኑን አይቶ ምክንያቱን ይረዳል። ለኤጀንት ግን እያንዳንዱ የተለየ ቀጣይ እርምጃ ነው። ሥራ ላይ ነኝ ካለው ይጠብቃል። የተበላሸ ነው ካለው ያርማል። አልተፈቀደም ካለው ትቶ ለባለቤቱ ይናገራል። መልሶቹ ባይለያዩ ኖሮ የተከለከለውን ዕቃ ደጋግሞ ሲመታ ይውል ነበር።

ከድንጋጌዎቹ ሁሉ የበለጠ አክብሮቴን የሳበው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። የፕሮግራሙን የውስጥ ድርጊቶች፣ ሰው በሜኑ የሚጫናቸውን ዓይነት፣ በስማቸው ጠርቶ ማስፈጸም የሚያስችል ትእዛዝ አለ። ለኤጀንት ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም፤ በአንድ ቁልፍ ቤቱን ሁሉ የሚከፍት ነው። ከትእዛዙ አናት ላይ ግን እነዚህ ድርጊቶች የታሰሩ ውሎች አለመሆናቸው፣ ስማቸው ኮዱ ሲስተካከል ሊለወጥ እንደሚችል፣ ጭራሽ ሊጠፉም እንደሚችሉ፣ በሩም የተከፈተው ለጥሬ ሙከራ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ሠሪው የሠራውን ነገር አያወድስም። ይህን መሣሪያ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ግን ቤታችሁን አትሥሩበት ይላል። ሶፍትዌር ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት መሣሪያው የሚችለውን ነው። የማይችለውን፣ ወይም ነገ ላይችል የሚችለውን፣ ከመሣሪያው አጠገብ መጻፍ ለሙያው ያደረ ሰው ሥራ ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ልብ ውስጥ የቀረውን ግን ኤጀንት አያነበውም።

ሰሌዳው ሲጠናቀቅ ወደ ምርመራ ይገባል። ሁለት የመዳብ መስመሮች ተቀራርበው ቢገኙ፣ ተራ ፕሮግራም «የርቀት ስህተት» ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። የኪካድ መልእክት ግን ሦስት ነገር አብሮ ይናገራል። የተጣሰው ደንብ ከየት እንደመጣ ይጠራል፤ ለምሳሌ «ዲፎልት» ከተባለው የኔት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተያያዙ መስመሮች፣ ምድብ። የሚፈለገውን ርቀት ይናገራል፤ ለምሳሌ 0.2000 ሚሊ ሜትር። የተገኘውን ርቀት ይናገራል፤ ለምሳሌ 0.1500 ሚሊ ሜትር። ከነዚህ ሦስቱ አንዱ ቢጎድል እርማቱ ጭፍን ይሆናል። የሚፈለገው ብቻ ቢነገር ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አይታወቅም። ሁለቱም ቁጥሮች ተነግረው ምንጩ ባይነገር፣ መስመሩን ማራቅ ይሻላል ወይስ ደንቡን እንደገና መመርመር የሚለው ጥያቄ ይዳፈናል። መሐንዲስ ስንት ጊዜ ከመስመሩ ጋር ሲታገል ውሎ፣ ችግሩ በስህተት የተመደበ ኔት ሆኖ ያገኘዋል።

ከስምንተኛው እትም፣ ከ2024 ጀምሮ ይህ ምርመራ ስክሪን ሳይከፈት፣ ከኮማንድ ላይን ይታዘዛል። ሪፖርቱን ፕሮግራም በሚያነበው መልክ መጠየቅ ይቻላል። ሪፖርቱ ውስጥ የቦታዎቹ መለኪያ ምን እንደሆነ ራሱን ችሎ ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ጥሰት ጋርም የሚመለከታቸው ዕቃዎች መለያ ቁጥር አለ። ያ መለያ በሰሌዳው ፋይል ውስጥ ያለው መለያ ራሱ ነው፤ በመልእክት በሩ የሚጠራውም እሱው ነው። አናጢ እንጨቱን ያለ ሚስማር ሲያጋጥም የሚታየው ዓይነት ልከኝነት ነው ለእኔ፤ ከሪፖርቱ ወደ ዕቃው ለመሄድ ምንም መገመት አያስፈልግም። ከተጠየቀ ደግሞ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ 0፣ ጥሰት ካለ 5 ብሎ ይወጣል፤ ሰነዱ ሁለቱንም ቁጥሮች በግልጽ ጽፏቸዋል። «ስህተት ካለ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ፣ ምርመራው ሠርቶ ጥሰት ማግኘቱና ምርመራው ራሱ አለመነሳቱ ሊምታቱ ይችሉ ነበር።

ዲዛይነሩ የራሱን ደንብ በሚጽፍበት ጊዜም ሰነዱ አንድ ነገር አስቀድሞ ይናገራል፦ ደንቦቹ የሚታዩት ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከፋይሉ መጨረሻ ያለው ይቀድማል፣ የመጀመሪያው የተስማማው ደንብም ይጸናል። ስለዚህ ጠቅላላው ከላይ፣ ልዩው ከታች ይጻፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይነበብ የተጻፈ የከፍተኛ ቮልቴጅ ደንብ፣ ከሥሩ በተቀመጠ ጠቅላላ ደንብ ተሸፍኖ ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ ምርመራውም በሰላም ያልፋል። ስህተት ብሎ የማይጮህ ስህተት ነው፤ የሚያድነው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በኤጀንቱና በመሣሪያዎቹ መካከል ያለውን ንግግር ለማስተካከል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ በኅዳር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን ስምምነት ይፋ አድርጓል። በዚህ ስምምነት መሣሪያ የሚቀርበው በስም፣ በማብራሪያና በሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝር ነው። በኋላ የተጨመሩ ጥቂት ምልክቶች አሉ፤ መሣሪያው የሚያነብ ብቻ እንደሆነ፣ የሚያፈርስ እንደሆነ፣ ሁለት ጊዜ ቢጠራ ውጤቱ ያው እንደሆነ የሚያመለክቱ። ምልክቶቹ ሳይሞሉ ሲቀሩ የሚወሰደው ግምት ነው የሚደንቀው። ምንም ያልተባለለት መሣሪያ የሚጽፍ ነው፣ የሚያፈርስም ነው፣ ሲደገምም ሌላ ውጤት የሚያመጣ ነው ተብሎ ይታሰባል። ዝም ያለ ሰነድ ለክፉው ይተረጎማል ማለት ነው። ስምምነቱ ከዚያ አልፎ ምልክቶቹ ጥቆማ እንጂ ዋስትና አለመሆናቸውን፣ ከማይታመን ምንጭ ከመጡም መታመን እንደሌለባቸው ይናገራል። በሥራ መካከል የሚፈጠር ስህተትም ከኤጀንቱ ጀርባ እንዳይቀበር፣ መልሱ ውስጥ ተካቶ ኤጀንቱ አንብቦ ራሱን እንዲያርም ደንግጓል።

አሁን ኪካድን ከኤጀንት ጋር የሚያገናኙ ብዙ ሰዎች የየራሳቸውን መሣሪያ እየጻፉ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ማብራሪያው ላይ ነው። አንድ የሰሌዳ ክፍልን የሚያዛውር መሣሪያ እናስብ። ሰነፉ ማብራሪያ «ክፍሉን ያዛውራል» ይላል። ሐሰት የለበትም፣ ግን ስሙ ራሱ ያንን ተናግሯል። እንደገና ልጻፈው ብል እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «በመለያው የተጠቀሰውን አንድ ክፍል ወደ ተሰጠው ቦታ ያዛውራል። ቦታው በሚሊ ሜትር ነው፤ ከነበረበት አይቆጠርም፣ ከገጹ መነሻ ነው። ዋይ ወደ ታች ሲሄድ ያድጋል። የተቆለፈን ክፍል አያዛውርም፤ ተቆልፏል ብሎ ይመልሳል። ከክፍሉ ጋር የተገናኙትን የመዳብ መስመሮች አብሮ አይወስድም።»

እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር አንድ የታወቀ መሰናክል ላይ የቆመች ናት። «ከነበረበት አይቆጠርም» ካልተባለ፣ ክፍሉን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ለማድረግ የፈለገ ኤጀንት 5ን ልኮ የገጹ ጥግ ላይ ይጥለዋል። የዋይ ጉዳይ ደግሞ በዚህ ሙያ እውነተኛ ወጥመድ ነው። በኪካድ ሰሌዳ ላይ ዋይ ወደ ታች ያድጋል፤ በገርበር ፋይል ወደ ላይ። በስኬማቲክ ገጽ ላይም ወደ ታች ነው፤ በስኬማቲኩ ላይ የሚቀመጠው የምልክት ፋይል ውስጥ ግን ወደ ላይ ነው። የምልክቱን እግሮች ከፋይሉ አንብቦ ገጹ ላይ ሽቦ የሚስል ኤጀንት ይህን ካልተነገረው፣ የላይኛውን እግር ከታች ይፈልገዋል። ሽቦው ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል።

አጭርነትም የጥራቱ አካል ነው። ኤጀንት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጽሑፍ ወሰን አለው፤ የሃምሳ መሣሪያ ማብራሪያ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ቢሆን፣ ሰሌዳው ራሱ የሚነበብበት ቦታ ይጠብባል። ስለዚህ ከላይ ከጻፍኩት ውስጥ ልቀንስ ብል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ላሳጥር እችላለሁ። የመጨረሻውን ግን አልነካም። መስመሮቹ አብረው እንደማይሄዱ ያነበበ ኤጀንት ክፍሉን ካዛወረ በኋላ የቀሩትን የመዳብ መስመሮች ፈልጎ ያነሳል፣ እንደገና ያገናኛል፣ ምርመራውንም ይጠራል። ያላነበበው «ተሳክቷል» የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ ለባለቤቱም ያንኑ ይነግራል።